ፓይፑ መሃል ላይ ስህተት ሲገባ ምን ታደርጋላችሁ? አንድ ሰውዬ የ12 ኪሎ ሰሊጥ ባለዕዳ አድርጌያለሁ

የአዘዞው_ልጅ፦

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ። አጎቴ ጎንደር አዘዞ ላይ ሰሊጥ የሚሰበስብበት መጋዘን አለው፣ ሚዛን ላይ ያለው ልጅ የገባውን ሁሉ ደብተር ላይ ይጽፋል (ስም፣ ኪሎ፣ የጆንያ ብዛት፣ ቀን) ማታ ደግሞ የአጎቴ ልጅ ኤክሴል ላይ ትገለብጠዋለች። እኔ ሲኤስቪውን (ሠንጠረዡ በኮማ ተለያይቶ የተቀመጠበትን ተራ የጽሑፍ ፋይል) ተቀብዬ ለማን ስንት እንደሚከፈል የምታወጣ ትንሽ ፕሮግራም በታይፕስክሪፕት (ታይፕ የሚፈትሽ የጃቫስክሪፕት ዓይነት ቋንቋ) ሠርቼላቸዋለሁ። ክረምት ላይ ሥራ ሲቀዘቅዝ ፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ ማንበብ ጀመርኩና ያን ሁሉ ፎር ሉፕ አፍርሼ በትንንሽ ፋንክሽን ቀጣጠልኩት (ሐሳቡ እንዲታይ በምልክት ልጻፈው፣ የአንዱ መልስ ለቀጣዩ ይተላለፋል፣ ፓይፕ የምለው ይሄንን ነው)፦

መስመር |> ቁረጥ |> ኪሎውን_ቁጥር_አድርግ |> ጆንያ_ቀንስ |> ቀኑን_ቀይር |> በዋጋ_አባዛ |> መዝግብ

እውነቴን ነው ሳየው ራሱ ደስ ይለኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ከመተማ መስመር የመጣ ሰውዬ በ13 ጆንያ 1,250 ኪሎ አስገባ። እኛ ለአንድ ጆንያ አንድ ኪሎ ነው የምንቀንሰው፣ ስለዚህ የተጣራው 1,237 መሆን ነበረበት። ሊስቱ ላይ የወጣው ሲቀነስ 12። ማለትም ሰውዬው ብር ሊቀበል መጥቶ ጭራሽ የ12 ኪሎ ባለዕዳ ሆኖ ቁጭ። አጎቴ ወረቀቱን ይዞ ዝም ብሎ አየኝ፣ ባይናገረኝም ከመናገር ይብሳል ያ አስተያየት።

የሚያናድደኝ ምንም ኤረር አልወጣም። ቀይ ነገር የለም፣ ክራሽ የለም፣ ሁሉም ፋንክሽን ሥራውን ሠርቶ ለቀጣዩ አስረከበ። በዛው ቀን ደግሞ ሌላ መስመር ላይ ኪሎው ቦታ ሰረዝ ብቻ ነበረ፣ እሱ ናን (‹ቁጥር አይደለም› ማለት ነው) ሆኖ እስከ መጨረሻ ወረደና የቀኑ ጠቅላላ ድምር ራሱ ናን ሆነ።

ከዛ ምን አደረግኩ፣ እያንዳንዱ ፋንክሽን ውስጥ ካልሆነለት ነል (ባዶ፣ ምንም የለም ማለት) እንዲመልስ አደረግኩ፣ ቀጣዩ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ‹ነል ከመጣ ነል መልስ› ይላል፣ የሱም ቀጣይ እንደዛው። አሁን ከኮዱ ግማሹ ኢፍ ነው፣ ያ ሁሉ ውበት የት እንደገባ እንጃ። ሁሉንም በአንድ ትራይ ካች (ስህተት ሲወረወር በሚይዘው) ጠቅልዬም ሞከርኩ፣ አንድ መስመር ሲበላሽ የቀኑ ሥራ ሁሉ ይቆማል። አንድ ጓደኛዬን ብጠይቀው ‹ሞናድ ተማር› ብሎኝ ባጃጅ ይዞ ሄደ። እናንተ እንዴት ነው የምትይዙት?

ቅዳሜ_ገበያ፦

ሃሃሃ 12 ኪሎ አለብህ ተብሎ ከአዘዞ ወደ መተማ የተመለሰ ሰው አስቡት

ሳልስቅ ልንገርህ፣ ጽሑፉን ወደ ቁጥር ለመቀየር ፓርስፍሎት ነው የተጠቀምከው አይደል? እሱ ከግራ ጀምሮ ቁጥር እስከሚመስለው ድረስ ያነብና ኮማው ጋ ሲደርስ አቁሞ የያዘውን ይሰጥሃል፣ ስለዚህ 1,250 ስትሰጠው 1 ነው የሚመልሰው። 12ኪሎ ብለህ ብትጽፍም 12 ብሎ ያልፋል። ሌላው መቀየሪያ፣ ነምበር የሚለው ይሻላል፣ 1,250 ሲያይ ናን ይልሃል ቢያንስ። ግን እሱም ጉድ አለው፣ ባዶ ሴል ስትሰጠው 0 ይመልሳል፣ እስፔስ ብቻ ያለበትም 0። ሰው ኪሎውን መጻፍ ረስቶ አንተ ዜሮ ኪሎ ብለህ ትመዘግበዋለህ ማለት ነው። በሩን ራስህ ጠብቅ፣ ኮማውን አውጣ፣ ባዶ ከሆነ አታስገባ፣ የቀረው ቁጥርና ነጥብ ብቻ መሆኑን እይ ከዛ ቀይር።

የአዘዞው_ልጅ፦

አዎ ፓርስፍሎት ነው። ነምበር ባዶውን ዜሮ እንደሚያደርገው አላውቅም ነበር፣ የቆየው ፋይል ላይም ባዶ ካለ ላየው ነው ፈራሁ። ግን ይሄ አንዱን ነው የሚያስተካክለው፣ ኪሎውን ቁጥር ማድረግ ካልቻልኩ በኋላ ለጆንያ_ቀንስ ምን ልስጠው ነው ጥያቄዬ።

እንዝርት፦

ጥያቄህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ጓደኛህም የነገረህ ስህተት አይደለም፣ ብቻ ከጅራቱ ነው የጀመረልህ። ሞናድ የሚለውን ስም ለጊዜው እርሳው።

የነል ችግሩ ምን መሰለህ፣ ነል ‹አልሆነም› ብቻ ነው የሚልህ፣ ለምን እንዳልሆነ አይናገርም። ሰረዝ ስለነበረ ነው? ኮማ ነው? ቀኑ ነው? ነል ሁሉንም አንድ ያደርጋቸዋል። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ቶኒ ሆር በ1965 ነል ሪፈረንስን ያስገባው ለመሥራት ቀላል ስለነበር እንደሆነ በኋላ ራሱ ተናግሯል፣ የቢሊዮን ዶላር ስህተቴ ነው ብሎ። ስለዚህ ፋንክሽኖችህ ባዶ እጅ ከሚመልሱ ሁልጊዜ አንድ የታሸገ ነገር ይመልሱ፣ እሽጉ ውስጥ ወይ ዋጋው አለ ወይ ስህተቱ ከነምክንያቱ አለ። ረስት የሚባለው ቋንቋ ላይ ሪዘልት ይሉታል፣ ሃስኬል የሚባለው ላይ ኢዘር፣ ያው ነው።

አሁን ኢፉ የት ይሂድ? አንድ ቦታ ብቻ። ኮዱን በአማርኛ ልጻፈው ሐሳቡ ይታይህ፦

ቀጥል(ውጤት, ፋንክሽን):
    ውጤት ስህተት ከሆነ → ያንኑ ውጤት ሳትነካ መልስ
    ካልሆነ → ፋንክሽን(የውጤት ዋጋ)

በቃ ይሄ ነው። አንተ ስድስት ቦታ የጻፍከው ኢፍ እዚህ አንዴ ተጻፈ። ጆንያ_ቀንስ ስለ ስህተት ምንም ማወቅ የለበትም፣ ቁጥር ከመጣ ይቀንሳል፣ ካልመጣ አይጠራም። ስኮት ቭላሺን የሚባል የኤፍ ሻርፕ (የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው) ሰው ይሄንን በሁለት ባቡር ሐዲድ ነው የሚያስረዳው፣ ጎንደር ላይ ባቡር ስለሌለ እኔ በአዘዞ ልንገርህ። ከፒያሳ የወረደ መኪና አዘዞ ላይ ወይ ወደ ባህር ዳር ይቀጥላል ወይ ወደ መተማ ይታጠፋል አይደል፣ አንዴ ወደ መተማ ከታጠፈ የባህር ዳሩ መንገድ ላይ ያሉት ጠዳም ማክሰኝትም አያገኙትም። አንተ ጋ እያንዳንዱ ፋንክሽን መታጠፊያ ነው፣ የታጠፈ መስመር የቀሩትን ከተሞች ሳያይ መጨረሻው ጋ ይደርሳል፣ ለምን እንደታጠፈ የሚል ወረቀት ይዞ።

አንድ ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ነገር ደግሞ፣ ሁለት ዓይነት ፋንክሽን አለህ። አንዱ ሊወድቅ የሚችል (ኪሎውን_ቁጥር_አድርግ) እሱ እሽግ ይመልሳል፣ እሱን በቀጥል ነው የምታያይዘው፣ ፍላትማፕ ወይም ባይንድ የሚሉት እሱን ነው። ሌላው የማይወድቅ (ጆንያ_ቀንስ) ተራ ቁጥር ይመልሳል፣ እሱን በማፕ። የሚወድቀውን በማፕ ካያያዝክ እሽግ ውስጥ እሽግ ታገኛለህ፣ ጆንያ ውስጥ ጆንያ ብለህ አስበው፣ ታይፕስክሪፕትም መጮህ ይጀምራል። ሲጮህ አትናደድበት ልክ ነው።

ይሄ ቀጥል የሚለው ፋንክሽን ነው እንግዲህ ያ የሚያስፈራው ሞናድ፣ ማለቴ ሌሎች ሕጎችም አሉት ግን ለሰሊጥ ይበቃሃል። ዩጂኒዮ ሞጂ በ1989 ከሒሳቡ ዓለም ወደ ፕሮግራሚንግ ሲያመጣው ስሙንም ከነፍርሃቱ አመጣው።

ማራኪ_ዶርም፦

እንዝርት እግዜር ይስጥህ፣ ሁለት ሴሚስተር ተምሬው ያልገባኝ በመታጠፊያ ገባኝ

ሸማ_ለባሽ፦

የእንዝርት ማብራሪያ ጥሩ ነው ግን ሁለት ቦታ ላይ አልስማማም።

አንደኛ ‹ጆንያ_ቀንስ አይወድቅም› ያልከው። የዚህ ሰውዬ ችግር እኮ እሱ ጋ ነው የታየው! ሲቀነስ 12 ኪሎ ሰሊጥ የሚባል ነገር ዓለም ላይ የለም፣ ፋንክሽኑ ሒሳቡን በትክክል ሠራ፣ መልሱ ግን የማይሆን ነገር ነው። ስለዚህ እሱም እሽግ ይመልስ፣ የተጣራው ከዜሮ ካልበለጠ ስህተት። ስትጽፈው ደግሞ ‹ከዜሮ ካነሰ ወይ እኩል ከሆነ› ብለህ አትጠይቅ የአዘዞው፣ ናን ‹ያንሳል፣ ይበልጣል፣ እኩል ነው› ተብሎ ከምንም ጋር ሲወዳደር መልሱ ሐሰት ነው፣ ናን ከዜሮ አያንስም አይበልጥም፣ ስለዚህ ፍተሻውን ሰተት ብሎ ያልፈዋል። ‹ከዜሮ ይበልጣል?› ብለህ ጠይቀህ አዎ ካልተባለ አትቀበል። እኔ አንዴ ይሄን ስፈልግ ሙሉ ቀን ፈጅቶብኛል፣ ወደ ጄሰን (ዳታ የሚላክበት የጽሑፍ ቅርጽ) ሲቀየር ናኑ ነል ሆኖ ተቀምጦ ዳታቤዙን ነበር ስወቅሰው የነበረ።

ሁለተኛው ይበልጣል። ፓይፕ የመጀመሪያው ስህተት ላይ ነው የሚታጠፈው፣ አንድ መስመር ላይ ኪሎውም ቀኑም ስሙም ቢበላሽ አንተ የምታየው ኪሎውን ብቻ ነው። ልጅቷ ኪሎውን አስተካክላ ትልክልሃለች፣ አሁን ደግሞ ቀኑ ተበላሽቷል ትላታለህ፣ ትመለሳለች፣ አሁን ደግሞ ስሙ። እኔ ብሆን በሦስተኛው ኮምፒውተሩን እዘጋልሃለሁ። ኪሎና ቀን አንዱ ላንዱ ምኑ ነው? አይተዋወቁም። ስለዚህ ሁሉንም ጎን ለጎን ፈትሽ፣ ስህተቶቹን ባንድ ሊስት ሰብስብ፣ ሁሉም ደህና ከሆኑ ብቻ ወደ ቀጣዩ። ይሄ ቫሊዴሽን ነው የሚባለው፣ አፕሊኬቲቭ የሚሉትም እሱን ነው። የተጣራ ኪሎ ግን ኪሎው ሳይታወቅ አይገኝም፣ ዋጋም የተጣራው ሳይታወቅ አይገኝም፣ እዛ ጋ ነው የእንዝርት ቀጥል ቦታው። እኔ የማየው እንደዚህ ነው፣ አንዱ ያንዱን መልስ ከፈለገ ቀጥል፣ ካልፈለገ ሰብስብ።

ከመስመር ወደ መስመርም እንደዛው፣ የአንድ ገበሬ መስመር ስለተበላሸ ሌላው ለምን ይቁም፣ ሁሉንም አሳልፍና መጨረሻ ላይ ደህናዎቹን ባንድ ወገን የተበላሹትን ባንድ ወገን ለያቸው። ስንዴ በወንፊት ስትነፊ ጠጠር ስላገኘሽ እፍኙን ሁሉ አትደፊም አይደል (ወንዶች ነፍታችሁ አታውቁም እንጂ)።

ደግሞ ቀኑን_ቀይር ያልከውን በደንብ እየው፣ የሀገራችንን ቀን ነው መቼም የሚጽፉት። ጳጉሜ ምን ታደርገዋለህ? የጃቫስክሪፕት ዴት 13ኛ ወር ሲሰጡት አይጮህም፣ ወር ከዜሮ ነው የሚቆጥረው ስለዚህ 2016፣ 12፣ 5 ብትለው ጃንዋሪ 5 2017 ብሎ ፈገግ ብሎ ይመልስልሃል። ያው የፓርስፍሎት ወንድም ነው። ጳጉሜ 6 ደግሞ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ብቻ ነው ያለው፣ 2015 ላይ ነበረ 2016 ላይ የለም። ይሄንን ራስህ ነህ የምትፈትሸው ማንም አይፈትሽልህም።

እንዝርት፦

የጆንያው ላይ ተሸንፌያለሁ እህቴ፣ ልክ ነሽ። የሰብስቡንም ጉዳይ ሆን ብዬ ነው የተውኩት መጀመሪያ አንዱ ይግባው ብዬ ግን ሳልጠቅሰው መቅረት አልነበረብኝም።

አሮጌ_ኪቦርድ፦

ልጆች ደህና ዋላችሁ። እኔ የድሮ ሰው ነኝ፣ ሲ ፕላስ ፕላስና ጃቫ ነው ያሳደገኝ፣ ይሄ ሁሉን ነገር በሪዘልት የማሸግ ነገር አንዳንዴ የሚበዛ ይመስለኛል። ኤክሴፕሽን (ፋንክሽኑ ስህተቱን ወርውሮ ሥራውን የሚያቋርጥበት) የተፈጠረው በምክንያት ነው። የኪሎ ሴል መበላሸት የሚጠበቅ ነገር ነው፣ ሰው ነው የጻፈው፣ እሱን እሸጉት እሽ። ዲስኩ ሲሞላስ? ፋይሉ ጭራሽ ከሌለስ? የኮዱ የራሱ ስህተት ሲሆንስ፣ የዋጋ ሠንጠረዡን ሳይጭን አባዛ ሲል? እነዚህን አሽገህ ለቀጣዩ ፋንክሽን ብታቀብለው ምን ይሠራበታል? ይጩህ፣ ይውደቅ፣ ሰው ይምጣ። ረስትን የሚያህል ሪዘልት ወዳድ እንኳ ፓኒክን (ሥራውን ባለበት የሚያቋርጠውን) ለብቻው አስቀምጧል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ድሮ የምሠራበት ቦታ ደረሰኝ የሚመዘግብ ሲስተም ነበረ፣ ከኔ በፊት የነበረው ሰው ፕሮግራሙ ‹እንዳይወድቅ› ብሎ ሁሉንም በትራይ ጠቅልሎ ካቹን ባዶ ትቶታል። ባዶ! አንድ ኮሜንት እንኳ የለም። ሰርቨሩ ላይ የሆነ ፎልደር ስሙ ተቀየረና ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድም ደረሰኝ ሳይቀመጥ ስክሪኑ ግን ‹ተመዝግቧል› እያለ በአረንጓዴ ሲጽፍ ከረመ። ከወረቀት እንደገና ያስገባነው እኔና ሁለት ልጆች ነን፣ እስከ ምሽት እየቆየን። ስለዚህ ልጄ ስታሽግም እንዲህ እንዳይሆንብህ፣ መጨረሻ ላይ እሽጉን የሚፈታ ከሌለ የታሸገ ስህተትና ባዶ ካች አንድ ናቸው።

ሸማ_ለባሽ፦

ጋሼ የመጨረሻዋ ልክ ናት፣ ደህና ነገር ነው ያነሱት። አንድ ነገር ብቻ ልጨምርበት፣ ታይፕስክሪፕት ላይ አንድ ፋንክሽን ኤክሴፕሽን እንደሚወረውር ታይፑ ላይ (ምን ተቀብሎ ምን እንደሚመልስ የሚናገረው ላይ) አይታይም፣ እርስዎ የለመዱት ጃቫ ላይ ቼክድ ኤክሴፕሽን አለ፣ ኮምፓይለሩ ካልያዝከው ወይ እንደሚወረወር በግልጽ ካልጻፍክ አላሳልፍም ይላል። እዚህ ግን ወርዋሪውን የሚያውቀው የጻፈው ሰው ብቻ ነው። ሪዘልት ሲሆን ዋጋውን ለማግኘት መጀመሪያ መፍታት አለብህ፣ ስህተቱንም ያኔ ታየዋለህ። ለሚጠበቀው ስህተት እሱ ይሻላል የምለው ለዛ ነው፣ ዲስክ ሞላ ላለው ግን ከርስዎ ጋር ነኝ ይውደቅ።

አሮጌ_ኪቦርድ፦

እሱስ እውነት ነው ልጄ። ቼክድ ኤክሴፕሽንን ግን ሰው ሁሉ ሲያማርረው ነው የኖረው፣ ዛሬ በሌላ ስም መጥቶ ሁሉም ሲያጨበጭብ ሳይ እስቃለሁ።

ቅዳሜ_ገበያ፦

ላይብረሪ ለሚፈልግ ኔቨርስሮው የሚባል አለ ቀላል ነው፣ ኤፍፒ ቲኤስ ደግሞ ከባድ ነው ግን ሁሉ ነገር አለው። ላንድ መጋዘን ግን ቀጥልን ራስህ ጻፈው አምስት መስመር ናት

የአዘዞው_ልጅ፦

ሁለት ቀን የጠፋሁት መብራት ሄዶ ነው ይቅርታ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ በተለይ እህቴ ሸማ ለባሽ፣ እንዝርትና ጋሼ።

ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ስም፣ ኪሎ፣ ጆንያና ቀን ጎን ለጎን ይፈተሻሉ፣ ስህተታቸው ይሰበሰባል፣ ሁሉም ካለፉ በቀጥል ጆንያ_ቀንስ ከዛ በዋጋ_አባዛ። መዝግብን ከፓይፑ አወጣሁት፣ ደህናዎቹና የተበላሹት ከተለዩ በኋላ አንዴ ነው የሚጠራው፣ ፋይል መጻፍ ካልቻለ ጋሼ እንዳሉት ይወድቃል። ስህተቱ ውስጥ የመስመሩን ቁጥርና መጀመሪያ የተጻፈውን ጽሑፍ እንዳለ አስቀመጥኩ፣ እንዲህ ይወጣል፦

መስመር 41፦ ኪሎው ቁጥር አይደለም፣ የተጻፈው «-»
መስመር 41፦ ጳጉሜ 6 በ2016 የለም
መስመር 77፦ ኪሎው ባዶ ነው

የአጎቴ ልጅ ወረቀቱን ይዛ ደብተሩ ጋ ሄዳ በአንድ ጊዜ ጨርሳው መጣች። ኢፎቹ ሁሉ ጠፉ፣ ፓይፑም የድሮውን ይመስላል።

የቆየውንም ፋይል አሳለፍኩት ፈርቼ ነበር። ኪሎአቸው ባዶ የሆነ አራት መስመሮች ተገኙ፣ ሦስቱ እውነትም ሳይጻፉ የቀሩ ነበሩ። አንዱ ግን የሚገርም ነው፣ ሚዛን ላይ ያለውን ልጅ ብጠይቀው ‹እሱማ አልረሳሁትም፣ ሰውዬው በዋጋ ሳይስማማ ሰሊጡን ጭኖ ተመለሰ፣ ባዶ የተውኩት ለዛ ነው› አለኝ። ለሱ ባዶ ማለት ተመለሰ ማለት ነው! አሁን ይሄ ስህተት ነው ወይስ ምንድነው? ስህተት ውስጥ ካስቀመጥኩት ልጅቷን በየጊዜው ደብተሩ ጋ ልልካት ነው።

ሸማ_ለባሽ፦

ስህተት አይደለም፣ አንተ ያላሰብከው ሦስተኛ ዓይነት ነው። ታይፑ ላይ ‹ተመላሽ› የሚል ጨምርና ክፍያ የሌለው ሆኖ በደህናው መንገድ ይሂድ። ልጁን ግን ከዛሬ ጀምሮ ባዶ እንዳይተው፣ ‹ተመለሰ› ብሎ እንዲጽፍ ንገረው፣ አለበለዚያ የረሳውንና የተመለሰውን ማንም አይለይልህም።

የአዘዞው_ልጅ፦

ነገርኩት፣ ‹ድሮስ ማን ጠየቀኝ› አለኝ ልክ ነው።

የመተማው ሰውዬ ደግሞ ትናንት መጥቶ የ1,237 ኪሎውን ሒሳብ ወሰደ፣ አጎቴ ከኪሱ ቡና ጋብዞታል። ሲወጣ በር ላይ ዞሮ ‹ያችን 12 ኪሎ ዕዳዬንስ ሰርዛችሁልኛል?› አለ፣ መጋዘኑ በሳቅ ሞላ፣ እኔ ከኮምፒውተሩ ኋላ ነበርኩ አልታየሁም።

ቅዳሜ_ገበያ፦

ሃሃሃሃ መስመር 1፦ ዕዳ ተሰርዟል